ሁለቱ ኑዛዜዎች

ኑዛዜ የሚለው ቃል በቋንቋችን ለሁለት ነገር ይነገራል። አንደኛው ምእመን ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ የሚገልጽበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰው ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንዲሆን ፈቃዱን የሚያስታውቅበት ነው። በግዕዝ ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነውና ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው፤ አንዱ ነፍስን ያጽናናል፣ ሌላው የሚቀሩትን ቤተ ሰቦች ያጽናናል። በአፈጻጸማቸው ግን ፈጽመው ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው በምስጢር ይደረጋል፤ ሦስተኛ ሰው የሰማው እንደ ሆነ ነውር ነው። ሁለተኛው በግልጽ ይደረጋል፤ ከሰሚዎቹ አንድ እንኳ የጎደለ እንደ ሆነ ይፈርሳል። በመቱና በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች፣ በጎሬም ሆነ በሁሩሙ፣ በቡሬም ሆነ በበደሌ፣ ከተዝካር በኋላ ከሚነሣው የውርስ ክርክር ውስጥ ብዙው የሚመጣው፣ እኛ እንደ ታዘብነው፣ ከክፋት አይደለም፤ ሁለተኛው ኑዛዜ በመጀመሪያው ሥርዓት ስለሚፈጸም ነው።

አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ቀን መፈጸም ልማዳቸው ነበር። ሕመሙ የጸናበት ሰው የንስሐ አባቱን ያስጠራል፤ ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ከዚያም ሽማግሌዎች ይገቡና ንብረቱን ያከፋፍላል፤ ካህኑም ቃሉን የሚያፈርስ እንዳይኖር በግዝት ያስረዋል። በዚያ ዘመን ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የራሱ አንቀጽ ነበረው፤ ዳኛውም ሽማግሌውም ካህኑን ያምኑታል፤ ግዝቱም ይፈራ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮም ይሠራበት ጀመር። የሕጉ የውርስ ክፍል እስከ ዛሬ በፍርድ ቤቶቻችን ይሠራበታል። ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ በየቤታችን የሚጻፈው ኑዛዜ ግን አሁንም ገና እንዳልወጣ ሆኖ ይጻፋል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። እኛ ራሳችን በዚሁ ስሕተት ወድቀን ሰው ጎድተናልና የራሳችንን እናስቀድማለን።

ከመቱ ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩን። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነበር። ባለቤታቸው ከጫካ በሚመጣው ማር ጠጅ እየጣሉ በመሸጥ የቤቱን ወጪ እኩል ይችሉ ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ አንዲት የሩቅ ዘመድ ልጅ ግን ከሕፃንነቷ ጀምረው አሳድገዋል። ቤቱን ባልና ሚስት በላባቸው የሠሩት ነው፤ ከፊት ሁለት ክፍል፣ ከጓሮ ሦስት ክፍል፣ በግቢውም ጥቂት የቡና እግር አለው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ለቀናት ሳያባራ በሚወርድበት ሰሞን፣ ታመሙና አስጠሩን።

«መምህር፣ ጽሕፈትህ ያማረ ነው፤ ከእኔ በኋላ እሷን ከዚህ ቤት የሚያነቃንቃት እንዳይኖር አንድ ወረቀት ጻፍልኝ» አሉን።

እኛም መታመናችን ደስ አሰኝቶን ተቀመጥን። ከአብነት ትምህርት ቤት የተረፈችንን ግዕዝ አውጥተን በስመ አብ ብለን ጀመርን፤ ስለ ዓለም ኃላፊነትም ግማሽ ገጽ ያኽል ጻፍን። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው የቤቱን ድርሻቸውንና የስፌት መኪናቸውን ለባለቤታቸው መናዘዛቸውን አሰፈርን፤ በመጨረሻም እንደ ደንቡ ግዝት አከልንበት። ወረቀቱ ለዓይን ያማረ ነበር። ከምስክሮቹ ሦስቱ፣ ማለት የንስሐ አባታቸው፣ የእድሩ ጸሓፊና አንድ ጎረቤት፣ በዚያው ፈረሙ። አራተኛው ቡና ጭኖ ወደ በደሌ ሄዶ ነበርና ማታ ተመልሶ፣ በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አግኝተን አስፈረምነው። ጽሑፉን ጮኽ ብሎ ማንበብ ለማንኛችንም አልታሰበንም። በሽተኛው ደክመዋል፤ ቡናው ቀርቧል፤ ነገሩንም ሁሉም ያውቀዋል።

ሽማግሌው በሁለት ሳምንት ውስጥ ዐረፉ። ከአርባው በኋላ የሟቹ ወንድም ልጆች ከሌላ ከተማ መጥተው ውርስ ጠየቁ። መበለቲቱም ያን ወረቀት ከሣጥናቸው አውጥተው አቀረቡ።

ሕጉ በግልጽ ስለሚደረግ ኑዛዜ የሚለው እነሆ ይህ ነው። ኑዛዜውን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም ቃሉን እየሰጠ ሌላ ሰው ሊያስጽፈው ይችላል። ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ መነበቡና የተነበበበትም ቀን በዚያው ጽሑፍ ላይ ካልተገለጠ ፈራሽ ነው። ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው በዚያው ስፍራ መፈረም ወይም ጣታቸውን ማኖር አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ሹም ወይም ውል የሚያዋውል ባለ ሥልጣን ሆኖ በሥራው ላይ ሳለ የተገኘ እንደ ሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ይኸው ነው፤ በግማሽ ገጽ የሚያልቅ ነገር ነው። እኛ ስለ ዓለም ኃላፊነት በጻፍንበት ስፍራ «ይህ ኑዛዜ ዛሬ በተናዛዡና ከዚህ በታች በተጻፉት አራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ተፈርሟል» የሚል አንድ መስመር ብንጽፍና እንደ ቃሉም ብንፈጽም ኖሮ ቤቱ በዳነ ነበር።

ለምስክርነት ተጠራን። ዳኛው ወረቀቱን አገላብጠው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይህ ጽሑፍ በሟቹና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦ ነበርን?» ብለው ጠየቁን። መበለቲቱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ስበው ይመለከቱን ነበር። መሐላ ፈጽመናል። ዛሬ እንደምናውቀው፣ ቃሉ በወረቀቱ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ ብንዋሽም ኑዛዜውን አናድነውም ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ይህን አላወቅንምና የዚያች ሴት ቤት በምላሳችን ላይ ያለ መስሎን ነበር። አልተነበበም አልን። ከእኛ በኋላ የተጠየቁት ካህንም ያንኑ መለሱ፤ አራተኛው ምስክር በማግሥቱ መፈረሙንም ጨምረው ተናገሩ። ስንወጣ መበለቲቱ፣ «እውነቱን ተናገራችሁ፤ ታዲያ ምን ታደርጉ» አሉን። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት በዚያ መንገድ ማለፍ ከብዶን ነበር።

ኑዛዜው ሲፈርስ ውርሱ ያለ ኑዛዜ ወደሚተላለፍበት ሥርዓት ገባ። በዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንለምናለን፤ ብዙ ሰው ሲሰማው አያምነውምና። በሕጋችን ባል የሚስቱ፣ ሚስትም የባሏ ወራሽ አይደለችም። በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ፤ ወንድና ሴት ተብሎ አይለይም፤ በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደም አይለይም። ልጅ የሌለ እንደ ሆነ ወላጆች ይወርሳሉ፤ ወላጆች የሞቱ እንደ ሆነ የእነሱ ተወላጆች፣ ማለት የሟቹ ወንድሞችና እኅቶች፣ እነሱም ከሌሉ ልጆቻቸው በስፍራቸው ይተካሉ። በሕይወት የቀረችው ሚስት በትዳር ዘመን ከተፈራው የጋራ ንብረት ግማሹን ትወስዳለች፤ ይህ ግን የራሷ ነው እንጂ ውርስ አይደለም። ከባሏ ግማሽ በኑዛዜ ካልተሰጣት በቀር ምንም አታገኝም። በቁርባን ተጋብተው ሁለቱ አንድ ሥጋ ሆነናል ብለው ለሚኖሩ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እኛም እንግዳ ነው እንላለን፤ ነገር ግን ሕጉ ይህ ነው፤ መድኃኒቱም ኑዛዜ ብቻ ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ባልና ሚስት ደግሞ በፍቅራቸው ወደ ሌላ ስሕተት ይሄዳሉ። አብረው ተቀምጠው፣ በአንድ ወረቀት፣ «ቀድሞ ለሞተው የቀረው ይውረሰው» ብለው በጋራ ይፈርማሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ያደረጉት ኑዛዜ በሕግ ፈራሽ ነው። ኑዛዜ የአንድ ሰው ፈቃድ ነውና ባል ለብቻው፣ ሚስትም ለብቻዋ፣ በየወረቀታቸው ሊናዘዙ ይገባል። ተናዛዥ በሕይወት እስካለ ድረስ ሐሳቡን ለመለወጥ ይችላል፤ አልለውጥም ብሎ ቢምል እንኳ መሐላው በሕግ አያስረውም። በአንድ ወረቀት የታሰሩ ሁለት ሰዎች ግን አንዱ ያለ ሌላው እንዴት ይለውጣሉ? ሕጉ ይህን የመሰለ ነገር ፈርቶ የከለከለ ይመስለናል።

አሳድገው ለወግ ያበቁትን ልጅም ማሰብ ይገባል። በአገራችን ጉዲፈቻ የቆየ መልካም ልማድ ነው፤ ቃሉም ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ነው። ነገር ግን የጉዲፈቻው ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ፣ ያሳደጉት ሰው በሞቱ ጊዜ ያ ልጅ ልጅነቱን ለማስረዳት በክርክር ብዙ ይንገላታል። ሃያ ዓመት እማዬ ብላ የጠራች ልጅ በአንድ ቀን እንግዳ ትሆናለች። ውሉን ማጽደቅ፣ ካልሆነም በኑዛዜ ስሟን ጠርቶ ድርሻዋን መስጠት ያስፈልጋል።

በሞት አፋፍ ላይ የሚነገረው የቃል ኑዛዜስ? ይህን ሕጉ ጨርሶ አልከለከለም፤ ግን አጥብቦታል። ሞቱ የቀረበ መሆኑ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃሉ መናዘዝ ይችላል። ሊናገር የሚችለውም ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆቹ ስለሚሆን ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ይህ ገንዘብ በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ለለቅሶ ቤት የሚፈላውን ቡና እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ሕጉ ግን ቁጥሩን አልለወጠም። ስለዚህ በአልጋ ላይ ሆኖ «ቤቴን ለእገሌ» ማለት፣ ካህኑም ሽማግሌዎቹም ቢሰሙት፣ ቤቱን አያስተላልፍም። በሽተኛው ድኖ ሦስት ወር ከቆየም የቃል ኑዛዜው ይቀራል።

በራሱ እጅ ለመጻፍ ለሚችል ሰው ሌላ መንገድ አለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያመለክታል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። ምስክር አያስፈልገውም። ልጁ ወይም ጎረቤቱ ረዳሁት ብሎ ጥቂት ቃል ቢጨምርበት ግን ጉዳዩ ይበላሻል። ደግሞም ይህን የመሰለ ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውል በሚያዋውል ባለ ሥልጣን ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በሣጥን ውስጥ ከጋቢ ሥር ዐሥር ዓመት ተጠብቆ የተገኘ የእጅ ጽሑፍ ለልጆች መታሰቢያ ይሆናል እንጂ ለዳኛ አይጠቅምም።

አሁን ለካህናት ወንድሞቻችን በትሕትና አንድ ነገር እንናገራለን። የንስሐ አባት በኑዛዜ ላይ ምስክር መሆኑ መልካም ነው፤ በከተማው ከእሱ የተሻለ የሚታመን ምስክር የት ይገኛል? ነገር ግን ምስክር የሆነ ሰው በዚያው ኑዛዜ ስጦታ አይቀበል። ተናዛዡ ከመሞቱ በፊት በነበሩት ስድስት ወሮች በሕክምና የረዳው ሐኪምም ሆነ በመንፈሳዊ አገልግሎት የጎበኘው ካህን በኑዛዜው ስጦታ የተደረገለት እንደ ሆነ፣ የተናዛዡ ፈቃድ ተገፍቶ እንደ ሆነ የሚያሳምን ምክንያት ሲኖር ፍርድ ቤቱ ስጦታውን ሊቀንሰው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ የወደደ ተናዛዥ ስጦታውን በደብሩ ስም ያድርግ፤ በአገልጋዩ ስም አያድርግ። በወንጌል እንደምናውቀው፣ አንድ ሰው ወንድሙ ርስት እንዲያካፍለው እንዲያዝለት ጌታን በለመነ ጊዜ፣ ጌታ አካፋይ ዳኛ ለመሆን አልፈቀደም። ካህኑ በአካፋይነት ፈንታ በመስካሪነት ቢቆም ክብሩ አይጎድልበትም።

ስለ ሞግዚት ስንናገር የኢሉባቦር ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ታሪክ አለ። ዐፄ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ በ1902 ዓ.ም. ይህ በአዋጅ ሲነገር፣ አልጋ ወራሹ ገና ልጅ ነበሩና ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሞግዚት ሆኑ። ራስ ተሰማ በጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ያስተዳደሩ መስፍን ናቸው። ቃሉ በብርቱ ግዝት የታሰረ ነበር። ይሁን እንጂ ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ በአልጋ ላይ ሆነው መናገር ተስኗቸው ነበርና ሌላ ለመተካት አልቻሉም፤ በሟቹ ስፍራም እንደራሴ ሳይሾም ቀረ። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጅ ኢያሱም በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ይመርምሩት። እኛ የምንወስደው ለቤታችን የሚበቃውን ብቻ ነው፤ ሞግዚቱም ሰው ነውና ሊቀድመን ይችላል። ለሕፃናት ልጆቹ ሞግዚት የሚሾም አባት «እሱ የሌለ እንደ ሆነ እገሌ» ብሎ ሁለተኛ ስም ይጨምር። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ለአምስት ዓመት ልጅ ሞግዚት ሆኖ የተጻፈበት ኑዛዜ አይተናል።

በእኛ አገር በተለይ የሚያጋጥም የቋንቋ ነገርም አለ። በመቱ አንዱ ቤት በኦሮምኛ፣ አንዱ በአማርኛ፣ ብዙው ደግሞ በሁለቱም ይነጋገራል። ምስክሩ ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ሰማሁ ቢል ምን ሰማ? ስለዚህ ቋንቋው ተናዛዡና አራቱም ምስክሮች የሚያውቁት ይሁን። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና በአማርኛ የተጻፈ እንደ ሆነ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ትርጉም እንደሚያስፈልገው ይታወቅ።

በገጠር የቡና መሬት ያለው ሰው ደግሞ መሬቱን በከተማ እንዳለው ቤት አይቁጠረው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። ባለ ይዞታው የሚያወርሰው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ይህ መብት ለማን እንደሚተላለፍም የገጠር መሬት ሕግ ወስኖታል። ከመናዘዙ አስቀድሞ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ወደ ወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ከብዙ ክርክር ያድናል።

ልጅን ከውርስ መንቀልስ ይቻላልን? በቁጣ ቀን ይህን የሚጠይቁን አባቶች ጥቂቶች አይደሉም። ምክንያቱን በኑዛዜው ውስጥ ካልገለጡ አይቻልም፤ የተገለጠው ምክንያትም በቂ መሆን አለመሆኑን ዳኛ ይመረምረዋል። ስለዚህ በቁጣ ቀን ወረቀት እንዳይነካ እንመክራለን።

ስለ ውክልናም ጥቂት እንበል። ልጆቻቸው በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የሚኖሩ ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን የሚያስፈጽም ወኪል ያቆማሉ፤ ለደከመ ሰው ተገቢ ነው። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ግን ንብረት ያስተዳድራል እንጂ ቤት አይሸጥም፤ ለመሸጥ ያንኑ ለይቶ የሚናገር ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ሰጪው እንዲሸጥለት ካልፈለገ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለውን ቃል ጸሓፊው በልማድ ሲጨምርበት ዝም ብሎ አይፈርም። ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ውክልና ከሰጪው ጋር ይሞታል። አባቱ ከሞቱ በኋላ በአባቱ ውክልና ባንክ የሚሄድ ልጅ፣ በቅን ልቡና ቢያደርገውም፣ ሌሎቹን ወራሾች ወደ ክስ ይመራቸዋል። ውክልና ለሕይወት ዘመን ነው፤ ከሞት በኋላ የሚሠራው ኑዛዜ ነው፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ አይተካም።

ይህ ሁሉ በጤና ቀን ቢደረግ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ነቢዩ ወደ ንጉሥ ሕዝቅያስ ተልኮ ቤቱን እንዲያሰናዳ የነገረው በታመመ ጊዜ ነበር፤ ሕዝቅያስ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ተጨመረለት፤ ለሁላችንም እንደሚጨመርልን ቃል የሰጠን የለም። በኢሉባቦር ሰው ሒሳቡን በልቡ ይይዛል። የጀንፈል ቡና ለማን በዱቤ እንደ ሰጠ፣ ከማን እንደ ተበደረ፣ በማኅበሩ ስንት ድርሻ እንዳለው፣ የባንኩ ደብተር የት እንዳለ እሱ ብቻ ያውቃል። በአንድ ወረቀት ላይ ያለውንና ያለበትን ዘርዝሮ ከኑዛዜው ጋር ያስቀምጠው። ያለበትን መጻፍ እንዲያውም ይቀድማል፤ ወራሾች ከመካፈላቸው በፊት የሟቹ ዕዳ ይከፈላልና፣ ዕዳ ያለበት መሆኑን የሚያስታውቅ አባት ልጆቹን ከኀፍረት ያድናቸዋል።

ወደ ጎረቤታችን ቤት እንመለስ። የወንድም ልጆቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እነሱም ድኾች ናቸው፤ ሕግ የሰጣቸውን ጠየቁ። የእድሩ ሽማግሌዎች ሄደው ለመኗቸውና ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ እንዲከፈል ማድረጉን ተዉት፤ የጓሮውን ሦስት ክፍል ወስደው አከራዩት፤ መበለቲቱ በፊተኛው ሁለት ክፍል ቀሩ። ጠጅ የሚጥሉት በጓሮው ክፍል ነበርና ጋኖቹን ሸጡ።

በ2012 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አስጠሩን። ስንደርስ ያሳደጓት ልጅ ቡና ታፈላለች፤ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም በጊዜው መጥተዋል። ካህኑም ነበሩ፤ እኛን ሲያዩ ፈገግ አሉ። መበለቲቱ ለልጅቱ የሚተዉትን ተናገሩ፤ እኛም እንደ ተናገሩት ጻፍን። ግዕዝ አልጨመርንበትም። ልጅቱ ረከቦቷን አንሥታ ወደ ደጅ ወጣች። ተነሥተን ቀስ ብለን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብን፤ ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከጓሮ የተከራዮቹ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማ ነበር።

«ተነበበ ብለህ ጽፈኸዋል?» አሉን።

«ጽፈነዋል፣ እማማ፤ ቀኑንም ጭምር» አልን።

«እስቲ እሱን ብቻ ደግመህ አንብብልኝ» አሉ። ደግመን አነበብንላቸው፤ ከዚያ በኋላ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው በወረቀቱ ላይ አኖሩት።